ያገለገለ የዳገት ሞተር ብስክሌት ሲታወክ

በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ገልጦ ሳያይ፣ ኮቴዋንም አንሥቶ ሳይመረምር ብሩን አይቆጥርም። ያገለገለ ሞተር ብስክሌት የሚገዛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን አይቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሮበት ይዋዋላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተሩ በዳገት መካከል ሲጠፋበት እጁ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ካርቡራቶሩ ነው። በጎኑ ያለችውን ትንሽ ብሎን ወደ ቀኝ ያጠብቃታል፣ ወደ ግራ ያላላታል፤ ሞተሩም ለጊዜው የተሻለው መስሎ ይነሣል፤ ሰውየውም ደስ ብሎት ይሄዳል። በዚህ ዓይነት የተነዳ ሞተር ውሎ አድሮ ፒስቶኑ ይነዳል፣ ሲሊንደሩም ይጫራል። ጥፋቱ ከካርቡራቶሩ ሳይሆን በጥቂት ብር ከምትገዛ አንዲት የጎማ ቀለበት መምጣቱ የሚታወቀው ሞተሩ ተፈትቶ በጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ በኋላ ነው።

ጉዳዩ በእርሻ ገጽ ላይ መነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። መኪና በማይገባበት ቀበሌ የእርሻ ባለሙያውና የእንስሳት ሐኪሙ የሚደርሱት በሞተር ብስክሌት ነው። የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ የሚሄድ ሠራተኛ በመንገድ ላይ ግማሽ ቀን ቢቆም የሚባክነው የእርሱ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በረዶው ይቀልጣል፣ መድኃኒቱ ኀይሉን ያጣል፣ ከብቱን በማለዳ ነድቶ የተሰበሰበው ገበሬም በከንቱ ይመለሳል። መሥሪያ ቤቶች አሮጌዎቹን ሞተሮች በጨረታ ሲሸጡ ደግሞ የሚገዙአቸው የከተማና የገጠር ሰዎች ናቸው። ሞተሩ ባለቤት ቢለውጥም ሕመሙ አብሮት ይሄዳል።

ለዳገትና ለድንጋይ የተሠራ ሞተር ብስክሌት የራሱ ዘር አለው። በእንግሊዝ አገር ተጀምሮ በሌላውም ዓለም የተስፋፋ ትሪያል የሚባል ውድድር አለ፤ በዚህ ውድድር የሚያሸንፈው የፈጠነው ሳይሆን በድንጋይ፣ በጅረትና በጭቃ ላይ እግሩን መሬት ሳያስነካ ያለፈው ነው። ውድድሩ ለብዙ ዘመን የከባዶቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ቡልታኮ የተባለው የእስፓኝ ፋብሪካ ከሰሜን አየርላንዱ ነጂ ከሳሚ ሚለር ጋራ ሆኖ ሼርፓ ቲ የተባለውን ቀላል ባለ ሁለት ምት ሞተር አወጣ፤ በ1965 ዓ.ም. ሚለር በቡልታኮ ላይ ተቀምጦ የስኮትላንድን የስድስት ቀን ውድድር አሸነፈ፤ የከባዶቹም ዘመን ያን ጊዜ ማለቅ ጀመረ። የያማሃ ቲ.ዋይ. ሞተሮች በ1970ዎቹ ተከተሉ። በምሥራቅ አፍሪካ ለእርሻና ለጤና ሥራ ሲገዙ የኖሩት ያማሃ ኤ.ጂ. 100 እና ዲ.ቲ. 125 የውድድር ሞተሮች አይደሉም፤ ነገር ግን አጥንታቸው አንድ ነው። ሲሊንደራቸው አንድ፣ ምታቸው ሁለት፣ ማቀዝቀዣቸው ነፋስ፣ መጋቢያቸውም ካርቡራቶር ነው። ስለዚህ የአንዱ ሕመም የሌላውም ሕመም ነው።

ሕመሙን ለማወቅ አስቀድሞ አተነፋፈሱን ማወቅ ያሻል። በባለ አራት ምት ሞተር ከፒስቶኑ በታች ያለው ክፍል የዘይት ቤት ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ይህ ክፍል እንደ ባለ እጅ ወናፍ ይሠራል። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ከካርቡራቶሩ ወደ ታችኛው ክፍል ይሳባል፤ ፒስቶኑ ሲወርድ ደግሞ ድብልቁ ተጨቁኖ በጎን ባሉት መተላለፊያዎች ወደ ላይ ይገባና በዚያ ይቃጠላል። ዘይቱም የሚመጣው ከዚሁ ጋራ ነው፤ ክራንክ የሚባለውን ዋና ዘንግ፣ ኩሽኔታዎቹንና ፒስቶኑን የሚያለሰልስ ሌላ ዘይት የለም። እንግዲህ ወናፉ ቢቀደድ ምን እንደሚሆን ማሰብ ቀላል ነው። ከካርቡራቶሩ ሳይሆን ከቀዳዳው አየር ይገባል፤ አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፤ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። ሞተር የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው።

ሆኖም ወደዚህ ነገር ከመድረስ በፊት ፍለጋው ተራ አለው፤ ተራውም ከቀላሉና ወጪ ከሌለው ነገር ወደ ከባዱ ነው። አንድ ነገር ተለውጦ ውጤቱ ሳይታይ ሁለተኛ ነገር አይነካም፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር የለወጠ ሰው ሞተሩ ቢነሣለት እንኳ የቱ እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም እንደ ገና ሦስቱን ይለውጣል።

ሞተሩ አልነሣም ሲል የሚጀመረው ከካንዴላው ነው፤ በአንድ መፍቻ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ስለ እሳቱም ስለ ቤንዚኑም ይመሰክራል። ብዙ ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ካንዴላው ደረቅ ሆኖ ቢገኝ ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው። ርጥብ ቢሆን ግን ቤንዚኑ ደርሷል፤ የጠፋው እሳቱ ነው፣ ወይም ቤንዚኑ ከመጠን አልፏል። እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ከገመዱ ጋራ አያይዞ ብረቱን በቴስታታው ላይ ማስደገፍና መርገጥ ነው። ይህ ሲደረግ ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ መራቅ አለበት፤ ቀዳዳውም በጨርቅ ይከደን፤ ከውስጥ የሚወጣው የቤንዚን ትነት እሳት ሊይዝ ይችላልና። ደኅናው እሳት ሰማያዊ ነው፤ ሲዘልም የሚሰማ ድምፅ አለው። ቀጭንና ቢጫ የሆነ እሳት በውጭ ቢታይም በሲሊንደሩ ውስጥ በጭቆና መካከል ላይዘል ይችላል።

እሳት የለም ተብሎ ወዲያው ቦቢና መግዛት ገንዘብን መጣል ነው። በመሪው ላይ ወዳለው ማጥፊያ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ አስቀድሞ ይነቀል። ይህ ሽቦ በቤንዚን ታንኩ ሥር ያልፋል፤ በንዝረት ሲታሸት ልባሱ ይላጥና የሞተሩን ብረት ይነካል፤ ይህም ማጥፊያው ሁልጊዜ እንደ ተጫነ ያህል ይሆናል። ሽቦው ሲነቀል እሳቱ ከተመለሰ ወጪው የአንድ ስንዝር ናስትሮ ብቻ ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ከቮላኖው በስተ ጀርባ ፑንቲና አለ፤ ጫፎቹ ዘይትና ዝገት ሲይዙ እሳቱ ይደክማል። ንጹሕ ወረቀት በመካከላቸው አስገብቶ መሳብ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ክፍተቱ በብዙዎቹ ሞተሮች ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፋብሪካው መጽሐፍ ከተገኘ ግን የመጽሐፉ ቃል ይከበር።

አንድ ሌላ ሕመም አለ፤ ብዙ ሰው የሚያስቸግረውም እርሱ ነው። ሞተሩ በብርድ ደኅና ይነሣል፤ ግማሽ ሰዓት ከተነዳ በኋላ ይጠፋል፤ ጥቂት ካረፈም በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል። ለዚህ ነገር የተለመዱት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ የሚለዩበትም መንገድ ቀላል ነው። ሞተሩ እንደ ጠፋ የቤንዚኑን ታንክ ክዳን መክፈት ነው። አየር ሲሳብ የሚሰማ ከሆነና ሞተሩም ወዲያው ከተነሣ፣ በክዳኑ ላይ ያለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ በአፈር ተደፍናለች፤ አየር ካልገባ ቤንዚኑ ሊወርድ አይችልም። በመርፌ መክፈት ነው። ክዳኑ ተከፍቶም ካልተነሣ፣ በዚያው ቅጽበትም ካንዴላው እሳት የማይሰጥ ከሆነ፣ ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና ወይም ኮንዴንሰር አለ ማለት ነው። ይህ ፈተና ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ ካልተደረገ ዋጋ የለውም፤ ገፍተው መካኒክ ዘንድ ሲያደርሱት ቀዝቅዞ፣ መካኒኩም ምንም አላገኘሁበትም ይላል።

ቤንዚኑን በሚመለከት ረገድ ነገሩ አጭር ነው። ለብዙ ወር ቆሞ የነበረ ሞተር አሮጌው ቤንዚን ይደፋ። የሩቢኔቱ ወንፊት ይታጠብ። ከካርቡራቶሩ በታች ያለችው ጽዋ ትወረድ፤ በውስጧ የውሃ ጠብታ ወይም ቀይ ዝገት ቢገኝ የታመመው ታንኩ ነው፤ ካርቡራቶሩን መቶ ጊዜ ቢያጥቡት ታንኩ እስካልጠራ ድረስ መልሶ ይደፈናል።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው ነገር እንደርሳለን። ሞተሩ ይነሣል፣ ይሄዳልም፤ ነገር ግን ጋዙ ሲለቀቅ ድምፁ ቶሎ አይወርድም፤ ሚኒሞው አንድ ጊዜ ከፍ ሌላ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴም ማንም ሳይነካው እየጮኸ ይቆያል። ካንዴላው ሲወጣ ጫፉ እንደ ቡና ቆዳ ቡናማ መሆን ሲገባው እንደ ኖራ ነጥቷል። ባለቤቱ ሚኒሞ በዛ ብሎ ብሎኗን ያላላታል፤ ሞተሩም ይረጋል። ያን ጊዜ ምልክቱ ጠፋ እንጂ ሕመሙ አልጠፋም። አየር ከሌላ ስፍራ እየገባ ነው።

አየር የሚገባባቸው ስፍራዎች ጥቂት ናቸው። ካርቡራቶሩን ከሲሊንደሩ ጋራ የሚያያይዘው ጎማ በፀሐይና በቤንዚን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ በታች በኩል ስለሆነ አይታይም። የሲሊንደሩ ሥር ጓርኒሲዮን ይበላሻል። ከሁሉም የሚሰወሩት ግን በክራንኩ በግራና በቀኝ ያሉት፣ መካኒኮች ፓራዮሊ የሚሏቸው የጎማ ቀለበቶች ናቸው። በዘመን ብዛት ይደርቃሉ፤ ሞተሩ ለዓመታት ቆሞ ከነበረ ሳይሠሩም ይደርቃሉ፤ ኪሎ ሜትሩ ጥቂት ነው መባሉ ስለዚህ ብዙ አያጽናናም። ሁለቱ ፓራዮሊዎች ሲበላሹ የሚያሳዩት ምልክት የተለያየ ነው። በያማሃዎቹ ሞተሮች በግራ በኩል ከቮላኖው በስተ ጀርባ ያለው ሲያረጅ ደረቅ አየር ይስባል፤ ከላይ የተነገረውንም ምልክት ያሳያል። በቀኝ በኩል በፍሪሲዮኑ ወገን ያለው ሲያረጅ ግን የሚስበው የማርሹን ዘይት ነው፤ በዚህ ጊዜ ከማርሚታው ነጭ ወፍራም ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላው በዘይት ይርሳል፣ የማርሹም ዘይት በውጭ ምንም ሳይፈስ ይጎድላል። ጭሱን አይቶ ፋሻ ይለወጥ የሚል መካኒክ ብዙ ነው፤ የማርሹን ዘይት ልክ ያልጠየቀ ከሆነ ምክሩ አይታመን።

የጎማውን ስንጥቅ ለማግኘት ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በጎማውና በመገጣጠሚያው ዙሪያ የሳሙና ውሃ በብሩሽ መቀባት ነው፤ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። በሳሙናው ፈንታ ቤንዚን የሚረጩ ሰዎች አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ይህን ማድረግ ራስን ማቃጠል ነው። ፓራዮሊዎቹን ለመመርመር ደግሞ ሞተሩ ይጥፋና ይቀዝቅዝ፤ ማርሚታውና ካርቡራቶሩ ይወልቁ፤ የጭሱ መውጫ በጎማ ተጠብቆ ይዘጋ፤ ፒስቶኑ ወደ ታች ይውረድ፤ ካንዴላው በስፍራው ይሁን፤ በመግቢያው በኩል ቀጭን ቱቦ የገባበት የጎማ ውታፍ ተደርጎ በብስክሌት መንፊያ ቀስ ተብሎ ይነፋ። ግፊቱ ከ0.4 ባር ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ደኅናውን ፓራዮሊ ከስፍራው ይገፋዋል። ይህን ያህል ትንሽ ግፊት የጎማ መለኪያ በደንብ አያሳይም። ከአገልግሎት የወጣ የደም ግፊት መለኪያ ግን እስከ 300 ያነባል፤ 300ውም በትክክል 0.4 ባር ነው። ሐኪሞች ይቅር ይበሉን እንጂ ለዚህ ሥራ ከእርሱ የሚሻል መሣሪያ በገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ግፊቱ ለ6 ደቂቃ ያህል ሳይወርድ ከቆየ ወናፉ ደኅና ነው፤ ከወረደ ቮላኖው ወልቆ በፓራዮሊው ላይ የሳሙና ውሃ ሲደረግ አረፋ ይነሣል።

ፓራዮሊ ራሱ ርካሽ ነው፤ ልኩም በጠርዙ ላይ ተጽፏል። ችግሩ ቮላኖውን ማውለቅ ነው። ለዚህ ሥራ በቮላኖው ጥርስ ላይ የሚገባ መጎተቻ አለ፤ መጎተቻ የሌለው ሰው በመዶሻ መምታት ይቀናዋል፤ በዚህም ክራንኩን ያጣምማል፣ አለበለዚያም ቮላኖውን ይሰነጥቃል። መዶሻ ያነሣ መካኒክ ሲታይ ሞተሩን መልሶ ወደ ሌላ መውሰድ ነውር የለበትም።

የካርቡራቶሩ ተራ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በእኛ አገርም ስለ ካርቡራቶር ሲነገር ከፍታ ሳይነሣ አይቀርም። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በዚያም ያለው አየር በምጽዋ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያም ትበልጣለች። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሞተሩ ይከብዳል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ስለዚህ የደጋ ባለቤቶች ቤንዚኑን የምትመጥነውን፣ ጄት የሚሏትን ትንሽ የነሐስ ብሎን በአነስተኛ ቁጥር ይለውጧታል፤ ማድረጋቸውም ትክክል ነው። አደጋው ያ ሞተር ተሸጦ ወደ ቆላ ሲወርድ ነው። ከደብረ ብርሃን ተገዝቶ 1,000 ሜትር ያህል ወደሆነው ወደ አዋሽ የሄደ ሞተር አየሩ ይወፍርበታል፣ ቤንዚኑ ግን በደጋው ልክ ይቀራል፤ በሙቀቱም ላይ ሙቀት ይጨመርበታል። ገዢው በጄቷ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቦ ፋብሪካው ካዘዘው ጋራ ማስተያየት አለበት። በመንገድ ላይ ሞተሩ አንድ ሰው ፍሬን የያዘበት ይመስል በድንገት መድከም ቢጀምር ፍሪሲዮኑን ወዲያው ጨብጦ መቆም ያሻል፤ ይህም ፒስቶኑ ሊጣበቅ ሲል የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው።

ወደ ቆላ መውረድ ራሱ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ነጂ ቤንዚን ለመቆጠብ ጋዙን ዘግቶ በማርሽ ይወርዳል። በባለ አራት ምት ሞተር ይህ ጥሩ ልማድ ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋራ በሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ጋዙ ሲዘጋ ዘይቱም ይዘጋል፤ ሞተሩም በጎማው ኀይል እየተሽከረከረ ደረቁን ይወርዳል። በየጊዜው ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ጋዝ ትንሽ መስጠት ይበቃዋል።

ኀይሉ በድንገት ሳይሆን በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ የደከመ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚታፈነው በጥላሸት ነው፤ ማርሚታው ይፈታ፣ ፒስቶኑም የጭሱን መውጫ ሸፍኖ ሳለ ጥላሸቱ በእንጨት ይፋቅ። ለረጅም ጊዜ ቆሞ ፍሪሲዮኑ አልለቅ ያለ ሞተር ዘይቱ ተለውጦ፣ ፍሪሲዮኑ ተጨብጦ፣ በከፍተኛው ማርሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲወዘወዝ ሸክላዎቹ ይላቀቃሉ። ስለ ካቴናው፣ ስለ ፍሬኑና ስለ ጎማው ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም።

ገና ላልገዛው ሰው ጥቂት እንጨምር። ሻጩ ዘንድ ሲደርሱ ከሰላምታ ቀጥሎ እጅን በሲሊንደሩ ላይ ማሳረፍ ነው። ሞተሩ ሞቆ ከተገኘ፣ በብርድ መነሣት የሚያስቸግረው ስለሆነ አስቀድሞ ተነሥቶ ይሆናል፤ እስኪበርድ ድረስ ቡና እየጠጡ መጠበቅ አይከፋም። የመርገጫውን እግር ቀስ ብሎ ሲጫኑት ከጭቆናው የተነሣ ጥቂት መቃወም አለበት፤ እንደ ቅቤ የሚወርድ ከሆነ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። የቮላኖው ክዳን ይከፈትና ቮላኖው በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅነቅ፤ የሚንገጫገጭ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ኩሽኔታው ባለቀበት ሞተር አዲስ ፓራዮሊም አይከርምም።

ከሁሉ ይልቅ ስለ ዘይቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያማሃ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ ሞተሮቹ ላይ ዘይቱን ከተለየ ታንክ እየሳበ የሚረጭ ትንሽ ፓምፕ አድርጓል፤ የዚህ ዓይነት ሞተር ቤንዚኑ ንጹሕ ይሆናል። ነገር ግን ፓምፑ ሲበላሽ አውልቀው ቀዳዳውን የሚደፍኑና ዘይቱን በእጃቸው በቤንዚኑ ውስጥ የሚቀላቅሉ ባለቤቶች ብዙ ናቸው። የዘይቱ ታንክ ግን በስፍራው ይቀራል፤ አዲሱ ባለቤትም እርሱን ሞልቶ ንጹሕ ቤንዚን ይጨምራል፤ ሞተሩም ያለ አንዲት ጠብታ ዘይት ይነዳል። ስለዚህ ከዘይቱ ታንክ የሚወርደውን ቱቦ እስከ ሞተሩ ድረስ በዓይን መከተልና ከጋዙ ወደ ፓምፑ የሚሄደውም ገመድ መኖሩን ማየት ያሻል። ነገሩ ካልተረጋገጠ፣ ፓምፑ ቢኖርም እንኳ ለመጀመሪያው ታንክ በ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ቀላቅሎ መንዳትና የዘይቱ ታንክ መጉደል አለመጉደሉን መመልከት ነው፤ ጭሱ ቢበዛ የሚጠቁረው አንድ ካንዴላ ነው።